ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ የጋዜጣና የሬዲዮ ታሪክ ከየት ይገኛል?

የዚህ እትም የታሪክ ገጻችን ስለ ጋዜጣና ስለ ሬዲዮ ታሪክ ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ ሳያነሱ የቀሩበት ወር የለም። «ጥናት ጻፉ ትሉናላችሁ፤ ታዲያ ከምን ላይ እንጻፍ? ላይብረሪያችን ጥቂት መደርደሪያ ነው፣ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ ከካምፕ ለመውጣት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል» ይሉናል። እውነታቸውን ነው።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የድረ ገጽ ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝር ክፉ አይደለም፤ እኛም ከታች ጥቂቶቹን እንጠቅሳለን። ግን ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። የሚሻለው የፍለጋውን መንገድ ማወቅ ነው። መንገዱ ደግሞ በአንድ ቀላል ጥያቄ ይጀምራል፦ ይህን ጋዜጣ ወይም ይህን የሬዲዮ ንግግር ለማስቀመጥ ምክንያት የነበረው ማን ነው?

ጋዜጣ ለአንድ ቀን የሚጻፍ ነገር ነው። ከተነበበ በኋላ ስኳር ይጠቀለልበታል፣ ግድግዳ ይለጠፍበታል፣ እሳት ይያያዝበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ቅጂ እጃችን ከገባ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ ምክንያት ስላስቀመጠው ነው። ያንን ሰው ካወቅነው የት እንደምንፈልግ እናውቃለን፤ ምን እንደተደበቀብንም መጠርጠር እንችላለን።

(ስለ ኢትዮጵያ ስንጽፍ ባብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዓ.ም.» እንጠቀማለን፤ ስለ ሌሎች አገሮች ስንጽፍ «እ.ኤ.አ.» እንላለን። የአቆጣጠሩን ነገር ለምን እንዳጠበቅነው ወደ ኋላ ታያላችሁ።)

የመጀመሪያው ጋዜጣ የቱ ነው?

ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብንጠይቅ ብዙው ተማሪ «አእምሮ» ይላል። አእምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ አዲስ አበባ ውስጥ የጀመረው የአማርኛ ጋዜጣ ነው። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይሰራጭ ነበር፤ ኋላ በማባዣ መሣሪያ፣ ከዚያም በማተሚያ መኪና መውጣት ጀመረ። ስሙን ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው ይባላል።

እሺ፣ መቼ ተጀመረ? እዚህ ላይ መጻሕፍቱ አይስማሙም። አንዱ እ.ኤ.አ. 1900 ይላል፣ ሌላው 1901፣ ሌላው 1902። ተማሪው ያገኘውን የመጀመሪያ ቁጥር ይገለብጣል፣ ጓደኛው ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ክፍሉ ክርክር ይሆናል። መምህሩም ባጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ከፍቶ «ይኼ ነው ትክክሉ» ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለ ክርክር በእንዲያ ዓይነት አይፈታም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ምክንያት አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ አንድ ዓመት በሁለት የአውሮፓ ዓመቶች ላይ ይወድቃል። ወሩን ሳይጠቅስ ዓመቱን ብቻ የቀየረ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ቢሳሳት አይገርምም። ሁለተኛው ምክንያት «ጋዜጣ» የምንለው ነገር ነው። በእጅ የተጻፈውን ከቆጠርን አንድ ዓመት እናገኛለን፣ በመሣሪያ የተባዛውን ብቻ ከቆጠርን ሌላ። ሦስተኛው ደግሞ መገልበጥ ነው። አንዱ ጸሐፊ ዋናውን ሳያይ ከሌላው ይገለብጣል፣ ከእሱ ደግሞ ሌላው። አሥር መጽሐፍ አንድ ቁጥር ስላለ አሥር ምስክር አለ ማለት አይደለም፤ አሥሩም ከአንድ ሰው የሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄው ራሱም መሳል አለበት። «የመጀመሪያው» ስንል በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው አገር? ምጽዋ ላይ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጣልያንኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር። ሐረር ላይ ደግሞ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በፈረንሳይኛ ያሳትሙ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ተማሪ «የመጀመሪያው ጋዜጣ አእምሮ ነው» ብሎ አይዘጋም፤ «በአማርኛ ቋንቋ ከታወቁት የመጀመሪያው አእምሮ ነው» ይላል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን ጥናትን ከወሬ የሚለየው ይኼው ነው። ለዚህ ለጥንቱ ክፍል ጥሩ መነሻ የሚሆነው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት፣ ማተሚያ ቤት፣ ጋዜጣና ቤተ መጻሕፍት አጀማመር እ.ኤ.አ. በ1962 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ረጅም ጽሑፍ ነው።

መንግሥት ያስቀመጠው

ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በራስ ተፈሪ አሳሳቢነት ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ወጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ ነበር። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ቆየ። ማተሚያ ቤቱ ቀደም ብሎ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ከነጻነት በኋላ አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሳምንታዊ ሆኖ ቆይቶ ኋላ ዕለታዊ ሆነ። አዋጆች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ተጀመረ።

እነዚህን ለማስቀመጥ ምክንያት የነበረው መንግሥት ነው፤ ድምፁ ናቸውና። ስለዚህ የሚፈለጉት በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ቤት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ብዙ ሰው «ወመዘክር» የሚለው) አንዱ ነው። ሌላው በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቀደምት የኢትዮጵያ ምሁራን ያሳተሙትን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የብርሃንና ሰላምን ገጾች እንደ ዋና ምንጭ ተጠቅመዋል። እንደ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ጸሐፊዎች ስለ ትምህርትና ስለ አስተዳደር ምን ያስቡ እንደነበር የምናውቀው ጋዜጣው ስለተቀመጠ ነው።

ግን ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። መንግሥት ያስቀመጠው መንግሥት የፈለገውን ነው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። እሱን ብቻ ያነበበ ተማሪ አርበኛ የሚባል ነገር የነበረ አይመስለውም። ያም ሆኖ ጋዜጣው አይጣልም። ገዢው ሕዝቡን በምን ቃል ሊያባብል ይሞክር እንደነበር ለማወቅ ከሱ የተሻለ ምንጭ አይገኝም።

ዝምታም ምንጭ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲረግፍ የአገር ውስጥ ጋዜጦች ነገሩን በይፋ አልጻፉም ማለት ይቻላል። ዓለም በሰፊው ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ደርግ ደግሞ ይህንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች አስገብቶበት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። እንግዲህ አንድ ተማሪ የ1965 ዓ.ም. አዲስ ዘመንን አገላብጦ ስለ ወሎ ረሀብ ብዙ ባያገኝ «ረሀብ አልነበረም» ማለት የለበትም። «ለምን አልተጻፈም?» ብሎ መጠየቅ ነው ያለበት። ፊልሙም ቢሆን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዓላማ ነው የታየው፤ የትኛውን እንዳየ መጻፍ አለበት።

ተቆጣጣሪ ያስቀመጠው

ወደ ኬንያ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1928 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር «ሙይግዊታኒያ» የሚባል በኪኩዩ ቋንቋ የሚጻፍ ጋዜጣ ጀመረ። አዘጋጁ በኋላ የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ጋዜጣውን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ምን ተብሎ እንደተጻፈ ለማወቅ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመው፣ ትርጉሙንም በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያስ? ዛሬ ተመራማሪዎች ሙይግዊታኒያን ሲጠቅሱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ይህንኑ የባለሥልጣኖች ትርጉም ነው። ፋይሉ ናይሮቢ፣ ሞይ አቬኑ ላይ ባለው በኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ጋዜጣውን የፈራው ሰው ሳያስበው የጋዜጣው ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረ የአፍሪካ ጋዜጣ ስንፈልግ «ጋዜጣ» በሚለው ካታሎግ ብቻ መወሰን እንደሌለብን ነው። የፖሊስ፣ የአውራጃ አስተዳዳሪና የሳንሱር ፋይልም መፈተሽ አለበት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ትርጉም ነው። ተርጓሚው ለአለቃው የሚጽፍ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውን ያጎላል፣ ቅኔውንና ቀልዱን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው «ሙይግዊታኒያ እንዲህ ይላል» ከሚል «በመንግሥት ትርጉም ላይ እንደሰፈረው» ቢል ይሻለዋል።

አዳማጭ ያስቀመጠው

የሬዲዮ ነገር ከጋዜጣ ይከብዳል። ድምፅ ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል። በአካባቢያችን ደግሞ ከጋዜጣ ይልቅ ሬዲዮ ነው የሕዝቡ። ሶማልኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ «ሒዲግታ ኦክቶበር» የተባለው የሶማልኛ ዕለታዊ ጋዜጣ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት በ1973 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሶማልኛ ዜና ታሪክ የሚያጠና ሰው ወደ ሬዲዮ መሄድ ግድ ይለዋል። በኢትዮጵያም አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1977 ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆኗል። በረሃ የገቡት ድርጅቶችም የየራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር «ድምፂ ሓፋሽ» እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያሰራጭ ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ጻፈው? አዳምጦ የሚጽፍ ሥራተኛ ያለው ነው። የቢቢሲ ሞኒተሪንግ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1939፣ የአሜሪካው ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ1941 ጀምሮ የየአገሩን ሬዲዮ እያዳመጡ፣ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎሙ በጥራዝ ያወጡ ነበር። ምክንያታቸው ታሪክ መጻፍ አልነበረም፤ ጦርነትና ፖለቲካ መከታተል ነበር። ሆኖም የመንግሥቱንም የግንባሮቹንም ሬዲዮ ጎን ለጎን የምናገኘው በነዚህ ጥራዞች ነው። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያስቀምጧቸዋል። እዚህም ላይ መመረጡንና መተርጎሙን አንርሳ። አዳማጩ የመሪውን ንግግር ይጽፋል፤ ዘፈኑን፣ ድራማውንና የአድማጭ ደብዳቤውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል። እነሱን ማወቅ ከፈለግን ሬዲዮውን ያዳመጡ ሰዎችን መጠየቅ አለብን፤ እነሱ ደግሞ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ፍርድ ቤት ያስቀመጠው

ማስቀመጥ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለማየት የሩዋንዳን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። «አር ቲ ኤል ኤም» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥርጭት ጀመረ። በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ወቅት የሰዎችን ስምና መደበቂያ እየጠራ ግድያን ያነሳሳ ነበር። «ካንጉራ» የተባለውም ጋዜጣ ከ1990 ጀምሮ ጥላቻን ይዘራ ነበር።

ሬዲዮው ቢጠፋና ካሴቱ ባይኖር ኖሮ ነገሩ «አለ፣ አላለም» ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ሥርጭቱን የቀዱ ነበሩ፣ ጋዜጣውንም ያስቀመጡ ነበሩ። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እነዚህን ቅጂዎች በማስረጃነት ተመልክቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) በሦስት የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሰጠ። በ2007 የይግባኝ ችሎቱ ከፍርዱ ከፊሉን ሽሮ ከፊሉን አጸና። ፍርዱ በነጻ ከኢንተርኔት ይገኛል። ርዝመቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ከሥርጭቱ የተወሰዱ ቃላት፣ የምስክሮች ቃልና የተከሳሾቹም መከራከሪያ ስላለ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ይግባኙን ሳያዩ የመጀመሪያውን ፍርድ ብቻ መጥቀስ ግን ትክክል አይደለም።

በካምፓችን የዚያ ዘመን ቁስል ያለባቸው ወንድሞችና እህቶች ይኖራሉ። ስለዚህ ጉዳዩን በክፍል ውስጥ የምታነሱ መምህራን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ማንንም «አንተ ንገረን» ብላችሁ አታስጨንቁ። ጽሑፉ ይበቃል።

በስደትና በውጭ አገር የተቀመጠው

የራሳችንን ወደ ቅርብ ዘመን እናምጣው። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 34፣ ሳንሱርን ካስቀረ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ወጡ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነበር። ገንዘብ አልቆባቸው የተዘጉ አሉ፣ አዘጋጆቻቸው የታሰሩ አሉ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ ብዙ ጋዜጠኞችና አሳታሚዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦቻቸውም ተዘጉ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በርካታ መጽሔቶች ላይ ክስ ተመሥርቶ ጋዜጠኞች ተሰደዱ። ከነሱ ናይሮቢ የደረሱ አሉ። ሕጉም ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ 590፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ 1238 ወጥቷል። የድሮውን አዋጅ አሁን እንደሚሠራ አድርጋችሁ እንዳትጠቅሱ።

አዘጋጁ ታስሮ ወይም ተሰዶ፣ ቢሮው ተዘግቶ፣ የነዚያን ጋዜጦች ቅጂ ማን ያስቀምጣል? አንዱ መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ የሚገኘው ናይሮቢ ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ጋዜጣና መጽሔት ይሰበስባል። በቺካጎ የሚገኘው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማዕከልም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ባለው የአፍሪካ ፕሮጀክቱ አማካይነት ጋዜጦችን በማይክሮፊልም እያስቀመጠ ቆይቷል። ስለ ግል ፕሬሱ የመጀመሪያ ዓመታት የሽመልስ ቦንሳ ጥናት አለ፤ እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ይሸፍናል። የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ያሳተመው ነው።

በውጭ አገር ጋዜጣ ማዘጋጀትም አዲስ ነገር አይደለም። ጣልያን አዲስ አበባ ስትገባ፣ በግንቦት 1936 (እ.ኤ.አ.)፣ ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን ላይ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ፤ ሃያ ዓመት ቆየ። አገር ውስጥ ያለው ጋዜጣ የቄሣር መልእክተኛ በሆነበት ሰዓት የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚጽፈው የለንደኑ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ጥሩ የክፍል ሥራ ይሆናል።

ከካምፕ ሳንወጣ ምን እናድርግ?

«ይኼ ሁሉ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ቺካጎ ነው፤ እኛ እዚህ ነን» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ከዚህም ሆኖ የሚሠራ ሥራ አለ።

1ኛ. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ብርሃንና ሰላም የወጣበት ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 በአውሮፓ ጥር 1 ቀን 1925 ነው። አንድ ቀን ቢቀድም ኖሮ 1924 እንል ነበር። በውጭ ካታሎግ «1917» ብሎ የፈለገ ተማሪ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ነው የሚያገኘው።

2ኛ. ስሙን በብዙ አጻጻፍ ሞክሩ። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ወጥ አይደለም። «ብርሃንና ሰላም»ን አንዱ በ«ቢ» ቀጥሎ «ኢ»፣ ሌላው በ«ቢ» ቀጥሎ «አይ» ብሎ ይጽፈዋል፤ አንዱ ሁለቱን ቃል ያያይዛል፣ ሌላው ይለያያል። አንዴ ፈልጎ «የለም» ማለት አይገባም።

3ኛ. ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የማስተርስ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። የምትፈልጉት በጽሑፉ ውስጥ ባይኖር እንኳ፣ መጨረሻ ላይ ያለው የምንጭ ዝርዝር የት እንደሚገኝ ይነግራችኋል። «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» የአፍሪካ መጽሔቶችን ያሰባስባል። የዩኔስኮ የ2007 (እ.ኤ.አ.) የጋዜጠኝነት ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት በነጻ ይወርዳል፤ ለመምህራን በጣም ይረዳል።

4ኛ. ለላይብረሪ ሠራተኛ ደብዳቤ ጻፉ። «ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ያላችሁን ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «የዚህ ጋዜጣ የዚህ ቀን እትም አላችሁ ወይ? የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል ወይ?» የሚል አጭር ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት በሁለት መስመር ጨምሩ።

5ኛ. አንድ ሰው ያውርድ፣ ሁሉም ያንብብ። ኔትወርክ በመጣ ቀን አንድ ተማሪ አንድ ነገር አውርዶ በፍላሽ ወይም በሞባይል ለክፍሉ ያካፍል። ከየት እንደወረደና መቼ እንደወረደ የፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ስም የሌለው ፋይል ከስድስት ወር በኋላ ጥቅም የለውም።

6ኛ. ሰው ጠይቁ። በየብሎኩ ጋዜጣ የሸጡ፣ ማተሚያ ቤት የሠሩ፣ ሬዲዮ ተደብቀው ያዳመጡ አባቶችና እናቶች አሉ። «ሬዲዮ የነበረው ማን ነበር? ማን ማን ተሰብስቦ ይሰማ ነበር? ጋዜጣ ጮክ ብሎ የሚያነብላችሁ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ «ስለ ፕሬስ ነጻነት ምን ያስባሉ?» ከሚለው የበለጠ ያስወራል። ነገር ግን ስደተኛ መሆናችንን አንርሳ። ፈቃድ ሳትጠይቁ አትቅዱ፤ ስም፣ የትውልድ ቦታና ፎቶ ያለ ፈቃድ አይውጣ። የአንድ ሰው ደኅንነት ከአንድ ጥናት ይበልጣል።

7ኛ. የራሳችሁ ዓይን ያየውንና የሰማችሁትን ለዩ። ጋዜጣውን ራሱን ካያችሁ ስሙን፣ ቀኑን፣ ገጹንና ያያችሁበትን ቦታ ጻፉ። ከሌላ መጽሐፍ ካገኛችሁት የመጽሐፉን ስም ጻፉ። አዋቂ መምህር ከሚያምር ጽሑፍ ይልቅ ለዚህ ነው ማርክ የሚሰጠው።

የእኛንስ ማን ያስቀምጣል?

እስካሁን እንዳየነው መንግሥት ድምፁን ያስቀምጣል፣ ፖሊስ የሚፈራውን ያስቀምጣል፣ ፍርድ ቤት ማስረጃውን ያስቀምጣል። የስደተኛ ካምፕን ጽሑፍ ለማስቀመጥ ግን ምክንያት ያለው ማን ነው? የእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን ያስቀምጣሉ። ሪፖርቱ ስንት ኩንታል እንደታደለ ይነግራል፤ በወረፋው ላይ ምን እንደተወራ፣ ተማሪዎች በግድግዳ ጋዜጣቸው ምን እንደጻፉ አይነግርም።

ካኩማ ውስጥ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ «ካኔሬ» የተባለ የራሳቸውን የዜና መጽሔት ጀምረው በኢንተርኔት አወጡት። ያ ሥራ በጽሑፍ ስላለ ዛሬ ስለ ካኩማ የሚያጠኑ ሰዎች ይጠቅሱታል። በየካምፑ ስንት የግድግዳ ጋዜጣ፣ ስንት የተማሪ መጽሔት፣ ስንት በማባዣ የወጣ ወረቀት ነበረ? ዝናብና ምስጥ ስንቱን በላው?

ስለዚህ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር እንድንጀምር እንጠይቃለን። ከእያንዳንዱ የዚህ ጋዜጣ እትም ሁለት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ በላይብረሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሌላው ምስጥና ውሃ በማይደርስበት ሌላ ቦታ። የግድግዳ ጋዜጣ ከመነሳቱ በፊት በሞባይል ፎቶ ይነሳ፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውም እንደዚሁ። በቤታችሁ ከአገር ይዛችሁት የመጣችሁት አሮጌ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ካለ እንዳትጥሉት፤ መስጠት ባትፈልጉ እንኳ አምጡትና ፎቶ ተነስቶ ይመለስላችሁ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። እውነት ነው፤ ግን የሚወረሰው ያስቀመጠው ሰው ሲኖር ነው። በሚቀጥለው እትም ተማሪዎች ከሰበሰቡት የመጀመሪያውን ዝርዝር ለማውጣት እናስባለን። አሮጌ ወረቀት ያላችሁ፣ ወይም ስለ ጋዜጣና ሬዲዮ የምታስታውሱት ያላችሁ ሁሉ ለክፍል መምህራችሁ ወይም ለላይብረሪው ሠራተኛ ንገሩ። እስከዚያው በሰላም ቆዩን።